ጡንቻ ለመገንባት የግድ ኪሎ መጨመር ያስፈልጋል? የኖርዌይ ኦሊምፒክ ማዕከል ሙከራ

ጂም የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ብላ! ሳትበላ ምን ጡንቻ ይወጣሃል?» የሚለው ነው። ከዚህ ምክር ጀርባ ያለው አካሄድ በልኪንግ ይባላል። ለአራትና ለአምስት ወር ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ እየበሉ ብረት ማንሳት፣ ኪሎ መጨመር፣ ከዚያ ከቲንግ በሚሉት ወቅት ምግብ ቀንሶ የመጣውን ስብ ማራገፍ ነው። ጡንቻ ከምግብ እንደሚሠራ የሚክድ የለም። አከራካሪው መጠኑ ነው፤ ተጨማሪው ምግብ የሚያመጣው ጡንቻ ስንት ነው? ስቡስ?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ከፈተኑት ጥቂት ሥራዎች መካከል የኖርዌይ ኦሊምፒክ ማዕከል ያካሄደው ሙከራ ይገኝበታል። ከላቦራቶሪ ይልቅ በእውነተኛ የስፖርት ሕይወት ውስጥ ስለተሠራ፣ ውጤቱም ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ስለሆነ፣ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

ሙከራው እንዴት ተካሄደ

ኦስሎ ከተማ ውስጥ ኦሊምፒያቶፐን የሚባል ማዕከል አለ። የኖርዌይን ምርጥ ስፖርተኞች ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚያዘጋጅ ተቋም ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኢና ጋርቴ ከኖርዌይ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ጋር ሆና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተመች። ተሳታፊዎቹ 39 ወንድና ሴት ስፖርተኞች ነበሩ። ሁሉም በየስፖርታቸው በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ፣ ጡንቻና ክብደት መጨመር የፈለጉ ናቸው። ሙከራው እንደየሰዉ የውድድር መርሐ ግብር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቷል።

ስፖርተኞቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 21ዱ በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተመከሩ ክብደት እንዲጨምር ታስቦ የወጣ የምግብ ዕቅድ ተከተሉ። ቀሪዎቹ 18 ደግሞ እንደ ፍላጎታቸው ይብሉ ተባለ። ልምምዱ ለሁለቱም ወገን አንድ ነበር፤ በመደበኛው የስፖርት ልምምዳቸው ላይ በሳምንት 4 ቀን ጡንቻ ለማሳደግ የተዘጋጀ የብረት ሥራ ተጨመረ። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የሰውነታቸው ይዘት ዴክሳ በሚባለው የጨረር መሣሪያ ተለካ። መሣሪያው የሰውነትን ክብደት ስብ፣ አጥንትና ሌላው ለስላሳ አካል ብሎ ይከፍላል።

በዕቅድ የበሉት በአማካይ በቀን 3,585 ካሎሪ፣ እንደ ፍላጎታቸው የበሉት 2,964 ካሎሪ ወሰዱ። ልዩነቱ በየቀኑ 621 ካሎሪ ነው። አንድ ሰው ጥሩ ምሳ ሲበላ የሚያገኘውን ያህል ማለት ይቻላል።

የተገኘው ውጤት

ብዙ የበሉት ክብደታቸው በ3.9 በመቶ፣ የሌሎቹ በ1.5 በመቶ ጨመረ። ሚዛን ብቻ የሚያይ ሰው በልኪንግ አሸነፈ ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ዴክሳው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከስብ ውጭ ያለው ክብደት ብዙ የበሉት ዘንድ በ2.8 በመቶ፣ እንደ ፍላጎታቸው የበሉት ዘንድ በ1.9 በመቶ ነው ያደገው። በስታቲስቲክስ ሚዛን ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ስብ ግን ብዙ የበሉት ላይ በ15 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ በ3 በመቶ ነው የጨመረው። የማንሳት ጉልበት በሁለቱም ወገን አደገ።

መቶኛውን ወደ ኪሎ እንለውጠው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ከዚያ ውስጥ 8 ኪሎው ስብ የሆነ ስፖርተኛ እንበል። በመጀመሪያው መንገድ ወደ 1.7 ኪሎ ከስብ ውጭ ያለ ክብደትና 1.2 ኪሎ ስብ ይጨምራል። በሁለተኛው መንገድ 1.2 ኪሎ ከስብ ውጭ ያለ ክብደትና ሩብ ኪሎ የማይሞላ ስብ። ብዙ በመብላት የተገኘው ትርፍ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። የተከፈለበት አንድ ኪሎ የሚጠጋ ስብ ግን እርግጠኛ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። «በስታቲስቲክስ ልዩነት የለም» ማለት «ልዩነቱ ዜሮ ነው» ማለት አይደለም። በ39 ሰውና በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ትንሽ ልዩነትን ማጥራት ከባድ ነው፤ ተጨማሪው ምግብ ትንሽ ጡንቻ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ዴክሳ «ከስብ ውጭ» የሚለው ነገር ሁሉ ጡንቻ አይደለም፤ ውኃም አለበት። ብዙ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ የሚበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ይሞላል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ የ0.9 በመቶው ልዩነት እውነተኛ ቢሆን እንኳ ከፊሉ ከምግቡ ጋር መጥቶ ከምግቡ ጋር የሚሄድ ውኃ ሊሆን ይችላል።

621 ካሎሪው የት ገባ?

የጉዳዩ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። 621 ካሎሪ በ70 ቀን ሲባዛ 43,470 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ሁሉም ተከማችቶ ቢሆን 5.6 ኪሎ ልዩነት መታየት ነበረበት። በ70 ኪሎ ሰው ላይ የታየው የክብደት ልዩነት ግን 1.7 ኪሎ አካባቢ ነው። ስፖርተኞቹ የበሉትን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ የተወሰነ የምዝገባ ስህተት ይኖራል። የሁለቱ ወገኖች ዕለታዊ የካሎሪ ወጪም አንድ ላይሆን ይችላል። ከዚያ በተረፈ ግን ትርፍ ምግብ ሲገባለት ሰውነት ሳናውቀው ወጪውን ይጨምራል።

አሜሪካ ውስጥ በማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሥራ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ በሉ። ምግቡ ለሁሉም እኩል ነበር፤ የተከማቸው ስብ ግን ከ0.36 ኪሎ እስከ 4.23 ኪሎ ይለያያል። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ከስፖርት ውጭ ያለው እንቅስቃሴ ነበር፤ መቁነጥነጥ፣ መነሳት መቀመጥ፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። አንዱ ትርፉን እየተንቀሳቀሰ ያቃጥለዋል፤ ሌላው ወገቡ ላይ ያስቀምጠዋል። «ጓደኛዬ በቀን 4,000 በልቶ አልወፈረም» የሚለው ወሬ ለሌላ ሰው መመሪያ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጡንቻ ለመገንባት የሚወጣው ካሎሪም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ከአንድ ኪሎ ጡንቻ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ 200 ግራም አካባቢ ነው። የግንባታው ሥራ ራሱ ጉልበት ይፈልጋል፤ ቢሆንም በወር ግማሽ ኪሎ ጡንቻ የሚያወጣ ሰው ለዚያ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ በቀን ሲከፋፈል ትንሽ ነው። ጡንቻ እንዲያድግ የሚያዘው ብረቱ በጡንቻው ላይ የሚያሳርፈው ውጥረት ነው። ፕሮቲን ጡቡ ነው። ካሎሪ የሠራተኛው ቀለብ ነው፤ ከጎደለ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ከበቃ በኋላ የሚጨመረው ግን ግድግዳውን አያፋጥነውም።

ያው ማዕከል፣ ተቃራኒ ሙከራ

ጋርቴና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሌላ ሥራ አለ። ከላይኛው ጋር ጎን ለጎን ካልተነበበ ሥዕሉ ይጎድላል። 24 ስፖርተኞች በዚያ ሥራ ክብደት እንዲቀንሱ ተደረገ። ግማሾቹ በሳምንት ከሰውነታቸው ክብደት 0.7 በመቶ፣ ግማሾቹ 1.4 በመቶ እንዲቀንሱ ታቀደ። ቀስ ብለው የቀነሱት ምግባቸውን በ19 በመቶ፣ በፍጥነት የቀነሱት በ30 በመቶ አሳነሱ። የብረት ሥራው በሳምንት 4 ቀን ነበር፤ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት 3 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ሳያርፉ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማንሳት (ድግግሞሽ)፣ በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት 4 ዙር ከ6 እስከ 12፣ ከዚያ 5 ዙር ከ6 እስከ 10 ነው። በዙሮች መካከል ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት አለ።

ሁለቱም ወገን ከክብደቱ 5.5 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቀስ ብለው የቀነሱት ግን ስባቸው በ31 በመቶ እየወረደ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው በ2.1 በመቶ አደገ! በፍጥነት የቀነሱት ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው ባለበት ቆመ፤ ስባቸው የወረደው በ21 በመቶ ነው።

ቁጥሮቹን ያነጻጽሩ። በሌላኛው ሙከራ እንደ ፍላጎታቸው የበሉት ያገኙት 1.9 በመቶ ነበር፤ እነዚህ እየከሱ 2.1 አገኙ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ «መክሳት ይሻላል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ግን ኪሎ ሳይጨምሩ፣ አልፎም እየቀነሱ፣ ጡንቻ ማውጣት እንደሚቻል ማስረጃው ግልጽ ነው።

እንዴት ተቻለ? ሰዎቹ በስፖርታቸው ምርጥ ይሁኑ እንጂ ብዙዎቹ የብረት ሥራ ለዓመታት የሠሩ አልነበሩም። ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ለጡንቻ ዕድገት ተብሎ በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ሲገባ ጡንቻው ከጀማሪ ጡንቻ ብዙ አይለይም፤ ለትንሽ ትእዛዝ ብዙ ምላሽ ይሰጣል። የሚጎድለውን ጉልበት ደግሞ የራሱ ስብ ይሸፍንለታል። ስብ የተከማቸ ካሎሪ ነውና 15 ኪሎ ስብ የተሸከመ ሰው ከ100,000 በላይ ካሎሪ ቀለብ ይዞ ነው ጂም የሚገባው።

ፕሮቲኑ ካልተሟላ ግን ይህ አይሠራም። ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ 40 ወጣት ወንዶችን ለ4 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው 40 በመቶ ያነሰ ካሎሪ እየመገበ በሳምንት 6 ቀን አሠራቸው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 2.4 ግራም ፕሮቲን ያገኙት 1.2 ኪሎ ከስብ ውጭ ያለ ክብደት ጨምረው 4.8 ኪሎ ስብ ጣሉ። 1.2 ግራም ያገኙት ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው የጨመረው 0.1 ኪሎ ብቻ ነው፤ ስባቸው በ3.5 ኪሎ ወረደ። ብረቱም የካሎሪ ጉድለቱም አንድ ነበር፤ የተለየው ፕሮቲኑ ነው።

ይህ ማለት ጉድለት ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ብዙ ሙከራዎችን በአንድ ላይ የመዘነ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትንተና፣ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጉድለት በአማካይ የጡንቻ ዕድገትን ለማስቆም እንደሚበቃ ገምቷል። የማንሳት ጉልበት ማደጉን ግን አይከለክልም። ለአምስት ቀን ብቻ ምግብ የቀነሱ የሠለጠኑ ሰዎች ላይ በዕረፍት ጊዜ ጡንቻ ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት በ27 በመቶ መውረዱም ታይቷል። ብረት ሲያነሱ ፍጥነቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከሥራው በኋላ 15 ወይም 30 ግራም ፕሮቲን ሲጨመርበት ደግሞ ከነበረበትም አለፈ።

ለዓመታት የሠራ ሰውስ?

የኦስሎ ስፖርተኞች በብረት ሥራ ልምድ ያልጠገቡ ከነበሩ፣ ሦስትና አራት ዓመት የሠራው «ይህ እኔን አይመለከትም» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪው ኤሪክ ሄልምስ የመራው ቡድን የሠለጠኑ ሰዎችን ለ8 ሳምንት በሦስት ከፍሎ ፈተነ፤ አንዱ ወገን ክብደቱን ጠብቆ፣ አንዱ 5 በመቶ ትርፍ፣ አንዱ 15 በመቶ ትርፍ እየበላ። የጨረሱት 17 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ብዙ ልንጭንበት አይገባም። አቅጣጫው ግን ከኦስሎው ጋር አንድ ነው። ክብደታቸው በፍጥነት የጨመረ ሰዎች በዋናነት የጨመሩት ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ነው፤ የጡንቻ ውፍረትና የማንሳት ጉልበት ከትርፉ ጋር አብሮ አልጋለበም።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀጭን ሆኖ ለዓመታት የሠራ ሰው ትንሽ ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ሰውነቱ የሚበደረው የስብ ቀለብ ስለሌለው በጉድለት ውስጥ የሚያገኘው ጥቂት ነው። «በልኪንግ» ተብሎ የሚሰበከውን ያህል መብላት ግን አያስፈልገውም። ለሰውነት ገንቢዎች፣ ከውድድር ውጭ ላለው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ምክር በሳምንት ከክብደት 0.25 እስከ 0.5 በመቶ መጨመርን ይመክራል፤ የቆየ ልምድ ያለው ደግሞ ከዚህም ቀስ እንዲል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በሳምንት ከ175 እስከ 350 ግራም ነው። በየጂሙ በሳምንት አንድ ኪሎ የሚጨምሩት የዚህን ሦስት እጥፍ ገደማና ከዚያ በላይ እየሄዱ ነው።

ጀማሪው፣ ከረጅም ዕረፍት የተመለሰውና ሆዱ የገፋው ሰው ግን በልኪንግ የሚባል ነገር ውስጥ መግባት የለባቸውም። ክብደትን ጠብቆ፣ ወይም በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ብቻ ቀንሶ፣ ፕሮቲን አሟልቶ መሥራት ይበቃቸዋል። በተቃራኒው ከቁመቱ አንጻር ክብደቱ ከጤናማው በታች የሆነ ሰው መጨመር አለበት፤ ከፍ ባለ የክብደት ምድብ መወዳደር የፈለገ ቦክሰኛም እንዲሁ። ለእነሱ ኪሎው ራሱ ግብ ነው። ከሕመም የተነሳ የከሳ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በተግባር

መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚበሉ ሳይሆን ክብደትዎ በአሁኑ አመጋገብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይወቁ። ጠዋት ከሽንት ቤት በኋላ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘኑ። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ተመዝነው አማካዩን ይጻፉ። የአንድ ቀን ሚዛን ዋጋ የለውም፤ ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ጠዋት አንድ ኪሎ ጨምሮ ሊያገኝ ይችላል። እምብርት ላይ በሜትር የወገብ ልክም ይያዝ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ይህን ካደረጉ መነሻዎን ያውቃሉ።

አማካዩ ባለበት ከቆመና ትንሽ ትርፍ ከሚያስፈልጋቸው ወገን ከሆኑ፣ በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ይጨምሩ። ይህ በወጥ ቤት ቋንቋ ሲነገር ብዙዎችን ያስገርማል፦ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም ያህል፣ ኦቾሎኒ ብቻውን 300 ይሞላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። «ለበልኪንግ» እየተባለ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ሙሉ ምግብና ለስላሳ መጠጥ የሚጨምር ሰው ከሚያስፈልገው በእጥፍ አልፏል።

ፕሮቲኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ይሁን፤ እስከ 2.2 መድረስ ይቻላል። ለ70 ኪሎ ሰው ዝቅተኛው 112 ግራም ነው። በፍስክ ቀን ብዙ አያስቸግርም፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወደ 28 ግራም ይሰጣል።

አስቸጋሪው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ጡንቻ ለመሥራት በቂ የሆነ ረጅም ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በሚዛን እንሥራው፤ ሁሉም የሚለካው ሳይበስል ነው። 100 ግራም ምስር 24 ግራም ፕሮቲን አለው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም። ከ250 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚጋገር እንጀራ 32 ግራም። 60 ግራም አኩሪ አተር 21 ግራም። 50 ግራም ኦቾሎኒ 13 ግራም። ድምሩ 110 ግራም ነው፤ ወደ 2,200 ካሎሪ ይዞ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲጨመርበት 2,500 ያልፋል። የዕፅዋት ፕሮቲን ከእንስሳት ተዋጽኦ ትንሽ ያነሰ ስለሚዋሐድ፣ ከተቻለ አኩሪ አተሩን ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የተደበቀው ችግር የጾም ወጥ ዘይት ነው። «ጾም ላይ ነኝ፣ እከሳለሁ» ብሎ የፈራ ሰው ሽሮውን በዘይት አጥልቆ ካሎሪውን ያስተካክላል፤ ፕሮቲኑ ግን ከ60 ግራም ሳያልፍ ጾሙ ያልቃል። ያኔ ጡንቻ ያልመጣው ኪሎ ስላልጨመረ ይመስለዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ ከተመገበ በኋላ ወደ ማታ ቢያደርገውና ፕሮቲኑን በሁለት ወይም በሦስት ማዕድ ከ35 እስከ 50 ግራም አድርጎ ቢከፋፍለው ይሻላል።

ማስ ጌይነር ተብሎ በትልቅ ጣሳ የሚሸጠው ዱቄት ላይ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። በአንድ መጠን ውስጥ ከፕሮቲኑ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካርቦሃይድሬት ካለ፣ የገዙት በአብዛኛው ስታርችና ስኳር ነው። በሶ በወተት፣ በጾም ደግሞ በሶ ከተፈጨ ኦቾሎኒ ጋር፣ ያንኑ ሥራ በጥቂት ብር ይሠራል።

ብረቱ ካልከበደ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰዎች ኪሎ እየጨመሩ ጡንቻ የማያገኙበት ዋናው ምክንያት ይህ ሆኖ እናገኘዋለን፦ በስድስት ወር ውስጥ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ ያለው ክብደት አልተቀየረም፣ ደብተርም የለም፣ ዙሩ የሚያልቀው ሲሰለች እንጂ ሲያቅት አይደለም። የኦስሎው ፕሮግራም ከ3 ዙር ወደ 5 ዙር የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 10 ዙር አካባቢ ይሥራ። እያንዳንዱ ዙር አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ድግግሞሽ ሲቀር ይቁም። በተወሰነው የድግግሞሽ ጣሪያ ላይ ሁሉም ዙር ሲደርስ 2.5 ኪሎ ይጨመር።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ክብደት፣ ወገብ፣ ብረት። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ ፈጣን ጭማሪ ውኃና ግላይኮጅን ስለሆነ ከሒሳቡ ያውጡት፤ ክሬቲን የሚባለውን የስፖርተኞች ማሟያ የጀመረ ሰው ላይም እስከ አንድ ኪሎ ውኃ ይጨምራል። ብረቱ እየከበደ፣ ወገቡ ባለበት ሆኖ ክብደቱ በጥቂቱ ከወጣ ምንም አይንኩ። ብረቱ እየከበደ ክብደቱም ወገቡም ካልተንቀሳቀሱ ሰውነት ያለ ትርፍ እየገነባ ነውና ያም መልካም ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ሁኔታ ወራት ይቆያሉ። ወገቡ እየሰፋ ብረቱ ከቆመ ትርፉን ይቀንሱና ልምምዱንና እንቅልፉን ይመርምሩ፤ ምግብ መጨመር ይህን አያስተካክልም። ብረቱ ቆሞ፣ ክብደቱም ወርዶ፣ ድካም ካለ ግን ጉድለት ውስጥ ነዎት። በቀን 150 ካሎሪ ጨምረው፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተው፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ይመዘኑ።